ልቡ ተጠግኖ መጣ፤ ማን ያራምደው?

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ልብ ቀዶ ጥገናና ስለ ስኳር በሽታ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በመጀመሪያ መልስ ልስጥበት። እኔ የማጠናው ቋንቋና ታሪክ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት ለማዘዝም አልተነሣሁም። ነገር ግን ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ እጁን ከታጠበ በኋላ፣ በሽተኛው ወደ መንደሩ ተመልሶ ከቤተ ሰቡ ጋር በሚኖርበት ጊዜ የሚቀረው ሥራ የሐኪም ብቻ አይደለም። የሚስት፣ የልጅ፣ የጎረቤት፣ የእድርተኛ፣ ይልቁንም ወረቀቱን አንብቦ የሚያስረዳው የተማረ ሰው ሥራ ጭምር ነው። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ወድቄ ስለ ተገኘሁ፣ የወደቅሁበትን ምክንያት ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ለመግለጽ ይህችን ጽሑፍ አቀርባለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አጎቴ በጂንካ ከተማ ብዙ ዓመት ያስተማረ ጡረተኛ ነው። የስኳር በሽታ ካገኘው አሥራ አራት ዓመት አልፎታል፤ ጧትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ከሁለት ዓመት በፊት ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ እየተቆረጠ ስላስቸገረው ቢመረመር፣ ልቡን የሚመግቡት የደም ሥሮች ጠብበው ተገኙ። ዘመድ ወዳጅ አዋጥቶ፣ ዕቁብ ያለ ተራው ወጥቶለት፣ አንድ ጥንድ በሬም ተሽጦ፣ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከእግሩ የደም ሥር ተወስዶ፣ ደሙ የጠበበውን ቦታ ዞሮ እንዲያልፍ በልቡ ላይ ተተከለለት። በደኅናም ተመለሰ። በደረቱ ላይ ረጅም ጠባሳ፣ በእጁ ላይ ደግሞ ሰባት ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዞ መጣ።

ወረቀቱን እንዳነብ የተሰጠኝ እኔ ነኝ። የመድኃኒቶቹን ስም ለይቼ፣ የሚወሰዱበትን ሰዓት በአማርኛ ጽፌ በግድግዳው ላይ ለጠፍሁ፤ ሁሉም አመሰገነኝ። በስድስተኛው ገጽ ላይ ግን፣ በሽተኛው የልብ ተሐድሶ ፕሮግራም እንዲጀምርና በየቀኑ ርቀቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ እንዲራመድ የሚያዝ ቃል ነበር። አንብቤ አለፍሁት። እንደዚህ ያለ ፕሮግራም ለጂንካ ሰው ከየት ይመጣለታል? የሌለ ነገር አንሥቶ ቤተ ሰቡን ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል? ብዬ ዝም አልሁ። ያ ዝምታ ጥፋቴ ነው።

ቤቱም እንደ አገራችን ልማድ ሠራ። ጠያቂው ከደጅ እስከ ጓዳ ሞላ። ገንፎው በቅቤ ራሰ፤ አጥሚቱም፣ ለስኳር በሽተኛ መሆኑ እየታወቀ፣ «ደም ይሆንለታል» ተብሎ በማር ጣፈጠ። «እግዚአብሔር ያተረፈውን ሰው እናንተ አትግደሉት» እየተባለ ከአልጋው እንዳይነሣ ተከለከለ። ሽንት ቤት ድረስ እንኳ እኔና ልጁ ግራና ቀኝ ደግፈን እንወስደው ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ተኛ። እኛም ፍቅራችንን የገለጽን መሰለን።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ አጎቴ ሰው ሳያየው ጋቢውን ደርቦ ወደ ገበያ ወጣ። ጧት የተለመደውን ኢንሱሊን ተወግቷል፤ የበላው ግን ግማሽ ቂጣ ብቻ ነበር። የጂንካ ቅዳሜ ገበያ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአሪ ደጋ እንሰትና ጎደሬ፣ ቡናና በቆሎ ተሸክሞ የሚወርደው ሰው፣ ከበናና ከሙርሲ አገር የሚመጣው እንግዳ፣ ፍየል ጎታቹ፣ ሸክላ ሻጩ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ይተራመሳል። በዚያ ግፊያ መካከል አጎቴን ላብ አጠመቀው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ንግግሩ ተደነባበረ፤ በአንዲት ቡና ሻጭ ፊትም ተዝለፍልፎ ወደቀ። «ልቡ ተተረተረ!» ተብሎ ተጮኸ። አንዱ ውሃ ረጨበት፤ ሌላው ክብሪት ጭሮ አሸተተው።

በዚያ ስታልፍ የነበረች አንዲት ነርስ ግን ጎንበስ ብላ እጁን ያዘችና ላቡን አይታ፣ «ስኳር አለባቸው?» ብላ ጠየቀች። አዎን ሲሏት፣ መዋጥ መቻሉን አረጋግጣ፣ አራት ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበት ሻይ ቀስ እያደረገች አጠጣችው። «ስኳር ላለበት ሰው ስኳር ይሰጣል እንዴ?» ብለው የተቆጧት ነበሩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አጎቴ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ጋቢውንም ጠየቀ።

ከዚህ አደጋ ቤተ ሰቡ ያገኘው ትምህርት ምንድን ነው? «አላልንህም? መራመድ ሊገድልህ ነበር» የሚል ብቻ ሆነ። በሩ ከበፊቱ ይልቅ ጠበቀ። እኔ ግን በዚያ ቀን የወረቀቱ ስድስተኛ ገጽ ትዝ አለኝ፤ አፈርሁም። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ነርሷንም ብዙ ጊዜ ጠየቅኋት። የተረዳሁት ነገር ቢኖር አጎቴን የጣለው መራመዱ ሳይሆን ያለ ልክ መራመዱ፣ ከዚያም በፊት ያለ ልክ መተኛቱ መሆኑን ነው።

መኝታ መድኃኒት ነው የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓና በአሜሪካም ልቡን የታመመ ሰው ለብዙ ሳምንታት ሳይነቃነቅ እንዲተኛ ይደረግ ነበር። በ1952 ሌቪንና ላውን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የልብ ድካም የመታቸውን በሽተኞች ከአልጋ አንሥተው በወንበር ላይ በማስቀመጣቸው ብቻ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በ1953 ደግሞ ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር የሎንዶንን አውቶቡስ ሠራተኞች አነጻጽሮ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከሚነዳው ሾፌር ይልቅ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ቲኬት የሚቆርጠው ሠራተኛ በልብ በሽታ የሚጠቃው ባነሰ መጠን መሆኑን አሳየ። በ1966 በዳላስ ከተማ አምስት የሃያ ዓመት ጤነኛ ወጣቶች ሦስት ሳምንት በአልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሡ የሰውነታቸው የሥራ ችሎታ ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ወድቆ ተገኘ። እነዚሁ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና ሲመረመሩ፣ የሠላሳ ዓመት እርጅና የሦስቱን ሳምንት መኝታ ያህል እንዳልጎዳቸው ታወቀ። እንግዲህ ጤነኛውን የሃያ ዓመት ጎረምሳ እንዲህ ያደረገ መኝታ፣ የስልሳ ዓመቱን የስኳር በሽተኛ በስድስት ሳምንት ምን አድርጎት ይሆን?

ዛሬ ነገሩ ክርክር የለበትም። ከልብ ሕመም ወይም ከቀዶ ጥገና በኋላ በሥርዓት የሚሠራ እንቅስቃሴ በልብ በሽታ መሞትን እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው አረጋግጠዋል፤ በ2016 የወጣው ትልቁ ማጠቃለያ ቅነሳው ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል መሆኑን ገልጿል። ይህን ያህል የሚረዳ እንክብል ቢገኝ ኖሮ ሁላችንም በሰልፍ እንሻማበት ነበር።

እርግጥ ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው ጉዳይ ከሌላው የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ልዩነቱን በአራት ነጥብ ማስረዳት ይቻላል።

አንደኛ፣ የስኳር በሽተኛ የድካም ወሰን ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው። ልቡ፣ የደም ሥሮቹና ጡንቻዎቹ ለብዙ ዓመት ስለ ተጎዱ፣ ሌላው ሰው ሳያስበው የሚወጣት ዳገት ለእርሱ ተራራ ናት። በልምምድ የሚያገኘው መሻሻልም ብዙ ጊዜ ከሌላው ያነሰ ይሆናል፤ ነገር ግን ያገኛል። ስኳሩ በተስተካከለ መጠን ጥቅሙም እየጨመረ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ልቡ የሚያታልል ልብ ነው። ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው የልቡን ምት የሚቆጣጠሩት ነርቮች ስለሚጎዱ፣ እየለፋ ምቱ በሚገባው መጠን ላይፈጥን ይችላል። ምት የሚያዘገየው መድኃኒት ሲጨመርበትማ ትርታ ቆጥሮ ድካሙን ማወቅ ያስቸግራል። ከዚህም የከፋው፣ ሌላው ደረቴን ብሎ የሚጮኽበት ሕመም ለእርሱ ላይሰማው መቻሉ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚደብቀው በሽተኛው ሳይሆን በሽታው ራሱ ነው። ስለዚህ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድንገተኛ ላብ እንደ ሕመም ሊቈጠርና ወዲያው ሐኪም ሊጠየቅበት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሚሠራ ጡንቻ ስኳር ይበላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ግን ምግቡና መርፌው ካልተመጣጠነ አጎቴን በገበያ መካከል እንደ ጣለው ይጥላል። የስኳሩ መውረድ በመንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ሳለም ሊመጣ ይችላል። ስለሆነም ከመራመድ በፊት ስኳርን መለካት፣ ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጥቂት መብላት፣ ከ250 በላይ ወጥቶ ሕመም ከተሰማ ደግሞ በዚያ ቀን መተው፣ በኪስም ስኳር ወይም ከረሜላ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። የመርፌውን መጠን የሚለውጠው ግን ሐኪሙ ነው እንጂ እኔም ጎረቤቱም አይደለንም።

አራተኛ፣ እግሩና ቁስሉ ነው። የእግር ነርቭ የደነዘዘበት ሰው እሾህ ቢወጋው፣ በረባሶው ቢልጠው አያውቅም፤ ማታ ማታ እግሩን በብርሃን መመልከት አለበት። የደም ሥር የተወሰደበት የእግር ቁስልም፣ የደረቱም አጥንት፣ ስኳር ባለበት ሰው ላይ ቀስ ብለው ይድናሉ። የደረት አጥንት እስኪገጥም ድረስ፣ ሁለት ሦስት ወር ያህል፣ ከባድ ሸክም ማንሣት አይፈቀድም። በእኛ አገር ከባድ ሸክም ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ውሃ የሞላች አንዲት ጀሪካን 20 ኪሎ ትመዝናለች። እንግዲህ አጎቴን ከመራመድ ከልክለን፣ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ጀሪካን እያነሣ ውሃ ሲቀዳ ዝም ብለን ያየን እኛ፣ የሚጠቅመውን ከልክለን የሚጎዳውን ፈቅደንለት ኖሯል።

ይህን ሁሉ ያስረዳችን ያቺ ነርስ ናት። ከሥራዋ ስትወጣ በቤታችን በኩል እያለፈች፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ከበርዎ እስከ መጀመሪያው የመብራት ምሰሶ ብቻ ይሂዱና ይመለሱ» አለችው። በማግሥቱም ያንኑ። በሳምንቱ እስከ ሁለተኛው ምሰሶ ሆነ። ትርታው ስለሚያታልል ልኩን በንግግር አስተማረችው፤ «እየተራመዱ ከልጁ ጋር ማውጋት ከቻሉ ደኅና ነው፤ ቃል ለማውጣት ትንፋሽ ካጠረዎ ይቁሙ» ትለው ነበር። በኋላ እንዳነበብሁት ይህ ዘዴ በትላልቅ ሆስፒታሎችም ይሠራበታል፤ ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቡና ምሁርም በሽተኛው ድካሙን ራሱ ከ6 እስከ 20 ባለው ቍጥር የሚናገርበትን መለኪያ አዘጋጅቷል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት አጎቴ ለተማሪዎቹ ሠላሳ ዓመት ሲጽፍላቸው ኖሯል፤ አሁን በገዛ እግሩ ተማረው።

ከዚህ በኋላ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ ልመልከት።

«ወባና ረኀብ ባሉበት አገር ስለ ልብ ቀዶ ጥገና ማውራት ቅብጠት ነው፤ ይህ የሀብታም በሽታ ነው» የሚል አለ። ይህን የሚለው ሰው በሽታውን አላወቀውም። በአገራችን በልብ ቀዶ ጥገና በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው በአብዛኛው ሀብታም አይደለም፤ በልጅነቱ ጉሮሮውን ታምሞ ሳይታከም የቀረ፣ በዚያም ምክንያት የልቡ በሮች የተበላሹበት የድኻ ልጅ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት ያቋቋሙት፣ በ2009ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል የተከፈተው ለእነዚህ ልጆች ነው። የስኳር በሽታም ቢሆን የወፍራም ሰው ብቻ አይደለም። በገጠራችን ኢንሱሊን ከሚወጉት መካከል ብዙዎቹ ቀጫጭንና በልጅነታቸው በምግብ እጥረት የተጎዱ ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ አምስተኛ ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። ቀዶ ጥገናውም ወደፊት ይበዛል እንጂ አያንስም። በ2012 ይፋ የሆነ፣ 1,900 የስኳር በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት፣ ብዙ የልብ ደም ሥሮቹ ለጠበቡበት የስኳር በሽተኛ ሥሩን በቀጭን ሽቦ ከማስፋት ይልቅ ቀዶ ጥገናው የተሻለ መሆኑን አሳይቷልና።

«የደቡብ ኦሞ ሰው መራመድ ማን ያስተምረዋል? ከብቱን ተከትሎ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ሕዝብ ነው» የሚል ሌላ አለ። እውነት ነው። ከቀይ አፈር እስከ ዲመካ፣ ከዲመካ እስከ ቱርሚ በእግር መሄድ የልጅነት ሥራ ነው። ነገር ግን ችግሩም ይኸው ነው። ለዚህ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ሙሉ ቀን መሄድ፣ ወይ ጨርሶ መተኛት። በመካከል ያለችውን ልክ የሚያሳየው የለም። በቆላው ደግሞ ሙቀቱ አለ፤ በኦሞራቴ ፀሐይ ኢንሱሊኑም ይበላሻል፣ የሚራመደውም ውሃ ያልቅበታል። ጧት በማለዳ መራመድ፣ ኢንሱሊኑንም እርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ማቀዝቀዝ የሚቻል መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

«መሣሪያ የለም» የሚሉም አሉ። በሥዕል የምናያቸው የመሮጫ ማሽኖችና የልብ መከታተያ ሽቦዎች ለጊዜው ሩቅ ናቸው። ይሁን እንጂ የበሽተኛን ችሎታ ለመለካት በዓለም ሁሉ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የስድስት ደቂቃ ጉዞ ነው። የሚፈልገውም 30 ሜትር ደልዳላ መተላለፊያ፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ወንበርና አንድ የሚቆጥር ሰው ነው። በስድስት ደቂቃ ምን ያህል ሜትር እንደሄደ ይመዘገባል፤ ከወር በኋላ እንደገና ይለካል። ሠላሳ ሜትር መተላለፊያ በጂንካ ጠፍቶ ነው?

መሣሪያ ሳይሆን ሰው ማደራጀት ዋና መሆኑን ከራሳችን አገር ምሳሌ ማምጣት ይቻላል። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ጓደኞቻቸው፣ በጅማም እንዲሁ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታን የመሳሰሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞችን የሚከታተሉ ነርሶችን አሠልጥነው በገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲሠሩ አድርገዋል። ቀን ሙሉ ተጉዞ ሆስፒታል ይሄድ የነበረው ገበሬ በአቅራቢያው መርፌውንና ምክሩን አገኘ። ጎንደር የቻለችውን ጂንካ የማትችልበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን የልብ ሥር ቀዶ ጥገና በ1967 በክሊቭላንድ በሰፊው ያስጀመረው ፋቫሎሮ እንኳ ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት በአርጀንቲና ሩቅ ገጠር፣ በትንሽ ክሊኒክ፣ መንደርተኛውን እያስተማረ የኖረ ሐኪም ነበር። ሩቅ አገር መኖር ሰበብ እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

የእኛም ጀግና አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነበር በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው። በ1969 በመኪና አደጋ እግሩ ሽባ ከሆነ በኋላም በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል እየታከመ ቀስት መወርወር ተለማምዶ ተወዳደረ። የልብ በሽተኛን ከአበበ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ እርሱ ወጣትና ስፖርተኛ ነበር። የምለው፣ የሚያከብሩት ሐኪሞችና ወዳጆች ከበውት «ተኛ» ብለው አላስቀሩትም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ አራት ነገር አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ፣ ከቀዶ ጥገና የሚመለስ በሽተኛ የሚይዘው ወረቀት በሚገባው ቋንቋ ይጻፍለት ወይም ይነበብለት። በዩኒቨርሲቲያችን አሪኛ፣ ሐመርኛ፣ ዳሰነችኛ፣ ማሌኛ ተናጋሪ ተማሪዎች አሉ፤ የቋንቋ ተማሪዎችም አለን። በሐኪም እየታረመ፣ አንድ ገጽ የመራመጃ መመሪያ በእነዚህ ቋንቋዎች አዘጋጅተን፣ ማንበብ ለማይችለው በድምፅ ቀርጸን ብንሰጥ የአንድ ወር ሥራ እንኳ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለልብና ለስኳር በሽተኞች መራመጃ ጊዜ ወስኖ፣ አንዲት የሠለጠነች ነርስ፣ የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ፣ አንድ ጣሳ ስኳርም ይመድብ። ያቺ ነርስ ለአጎቴ ያደረገችው ከዕረፍት ሰዓቷ ቀንሳ ነው። በጎ ፈቃድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነርሷ የተዛወረች ዕለት ሥራው አብሮ የሚዛወር ከሆነ ሥርዓት አይባልም።

ሦስተኛ፣ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የስኳር መውረድን ምልክት፣ የእግርን ጥንቃቄና የመራመድን ልክ ለቤተ ሰብ እንዲያስተምሩ ይደረግ። ትምህርቱ ለበሽተኛው ብቻ ከተሰጠ ከንቱ ነው፤ በሩን የሚዘጋው ቤተ ሰቡ ነውና።

አራተኛ፣ የተማሪዎች ኅብረታችን የመራመድ ጓድ ያቋቁም። ሥራው ሕክምና አይደለም። ነርሷ የወሰነችለትን ርቀት ከበሽተኛው ጋር እያወጉ መሄድ፣ በኪስ ስኳር መያዝ፣ አንድ ነገር ከተለወጠ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ማድረስ ብቻ ነው። በየማታው ከግቢ ወደ ከተማ ያለ ምክንያት የምንመላለስበትን መንገድ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ብንሄድበት ምን ይጎድልብናል? የምንሰማው ታሪክ ራሱ ከብዙ መጻሕፍት ይበልጣል።

በመጨረሻ ስለ ራሴ ልናገርና ላብቃ። ወረቀቱን አንብቤ ዝም ያልሁት እንግሊዝኛ ስላላወቅሁ አልነበረም፤ ለእኛ ዓይነት ሰው የተጻፈ መስሎ ስላልታየኝ ነው። ለሩቅ አገር ሰው፣ ለሀብታም ከተማ፣ ለመሣሪያ ባለቤት የተጻፈ መሰለኝ። ብዙዎቻችን በየክፍላችን የምንማረውን ትምህርት የምናነበው እንደዚሁ ነው፤ ለፈተና እንይዘዋለን እንጂ ለጂንካ የተጻፈ አይመስለንም። አጎቴ ለዚህ አስተሳሰቤ ስድስት ሳምንት ከፍሎልኛል፤ በዚያ ገበያ ያቺ ነርስ ባታልፍ ኖሮ ነፍሱን በከፈለ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ገበያ ሄድን። የመብራት ምሰሶ መቍጠሩን ትቷል። በሸሚዙ ኪስ ሦስት ከረሜላ ይዟል። የወደቀበት ቦታ ስንደርስ ያቺን ቡና ሻጭ ሰላም ብሎ አንድ ኪሎ ቡና ገዛ፤ እኔ ልያዝልህ ስለው፣ «አንድ ኪሎ አይከለከልም» አለኝና ራሱ ይዞት ሄደ። ከእርሱ ቀጥሎ ደረቱ ተሰፍቶ የሚመለሰው ሰው ግን ማን እንደሚያራምደው ገና አልታወቀም። የኅብረታችን ምክር ቤት በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ ከአጀንዳው ውስጥ እንዲያገባልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።